ገዳሪፍ ላይ ሐረግ የመረጥኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጎንደር ደወለችልኝ። ከግቢዋ ጥግ ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ አጥሩ ላይ የሚወጣ፣ ሽታው ደስ የሚል ሐረግ ልትተክልበት አስባለች። «አባዬ፣ የትኛው ይሻለኛል?» አለችኝ። «አስቤ ልደውልልሽ» አልኳት። ይህንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ አንድ የሱዳን መቶ አለቃ ጠይቆኝ ያውቃል።

በደርግ ጊዜ ነው። እኔና የጎረቤታችን ልጅ ሞላ ከጎንደር አፈሳ ሸሽተን፣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግረን፣ አንድ መኸር ፋሽጋ ላይ ሰሊጥ አጨድን። ከዚያ ገዳሪፍ ገባን። እኔ ሐጃ ሰዕዲያ የሚባሉ ባልቴት ቤት «አትክልተኛ ነኝ» ብዬ ተቀጠርኩ። ሞላ ገበያ ውስጥ ሸክም ይሠራል። ማታ ማታ ከአንድ ሳህን ፉል እንጠቅሳለን። ሁለታችንም የመኖሪያ ወረቀት አልነበረንም፤ ግራ ቀኙን ሳናይ መንገድ አንሻገርም።

ክረምቱ ገብቶ የገዳሪፍ ጥቁር መሬት እግር መያዝ ሲጀምር፣ ሐጃ ሻይ ከሚጠጡበት የኒም ዛፍ ሥር መዓዛ ያለው ሐረግ አማራቸው። በአህያ ጋሪ ወደ ችግኝ መሸጫው ይዘውኝ ሄዱ። ሞላ የምሳውን እንዲያገኝ ብዬ፣ ለሸክም እዚያ እንዲጠብቀን ነግሬው ነበር። ሐጃ አያውቁትም።

ዓይኔ ያስሚን በሚሉት ላይ አረፈ። ቅጠሉ የእኛን ጠምበለል ይመስላል። ጠምበለል በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ፣ ከጽዱና ከወይራው ጥላ ሥር እየተጠመጠመ ይወጣ ነበር፤ አበባው ሲፈነዳ ቅዳሴ ላይ ቆመን እንኳ ይሸተን ነበር።

ችግኙን ሳነሳ የጭነት መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሱዳኖች ከሻ የሚሉት አፈሳ ነው። ወታደሮቹ ያገኙትን ሐበሻ ሁሉ ይጭናሉ።

«ወረቀት!» አለኝ መቶ አለቃው።

«አትክልተኛዬ ነው» አሉ ሐጃ ቀድመው። «ለጥላ ቦታ፣ ሽታ ያለው ሐረግ ሊመርጥልኝ ነው የመጣው።»

«እስቲ፣ የትኛው ነው?» አለኝ እያሾፈ።

«ይኸ ያስሚን» አልኩ። «ያ ቀይ አበባ ያለው ጀሃነሚያ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሽታም የለው። ይኸኛው ግን ጥላ ይችላል።»

«ልክ ነው» አለ ችግኝ ሻጩ።

መቶ አለቃው ከኋላዬ ወደቆመው ሞላ ዞረ። «ይኸስ?»

ሐጃ እኔን አዩኝ። «ታውቀዋለህ?»

«ረዳቴ ነው» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ። ሞላ የያዘውን የአፈር ጣሳ እንዳይደፋ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና፣ ሄዶ መኪናው ላይ ወጣ።

ያስሚኑን በዚያው ቀን ተከልኩት። በሦስተኛው ቀን ለሐጃ እውነቱን ነገርኳቸው። «ምነው ያኔ ብትነግረኝ፣ ልጄ!» ብለው አለቀሱ። ከወር በኋላ ወረቀት አስወጥተውልኝ፣ በከሻ የተያዙት ወደሚወሰዱበት ወደ ሾዋክ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሞላን ስደተኞች ከሚመዘገቡበት ቢሮ በር ላይ፣ ከስቶ፣ ተሰልፎ አገኘሁት። እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«ተነስ እንጂ፣ ሰው ያየናል» አለኝ። «ፈርተህ ነው። እኔም ብሆን ዝም እል ነበር።» ከያዘው ዳቦ ግማሹን ቆርሶ ሰጠኝ።

ሞላ ዛሬ መተማ ነው፤ የልጅ ልጅ አይቷል። በየፋሲካው ይደውልልኛል። የዚያን ቀን ነገር አንስቶብኝ አያውቅም። እኔ ግን፣ «እኔም ብሆን ዝም እል ነበር» ያለኝን እስከ ዛሬ አላመንኩትም።