የጀልባው ነጭ ገበር

መርካቶ፣ ጭድ ተራ አካባቢ በነበረችኝ ጠባብ ሱቅ ሃያ ዓመት ግድም ሸራ ሰፍቻለሁ። የሠርግና የለቅሶ ድንኳን፣ የጭነት መኪና ልባስ፣ የሱቅ በረንዳ ጥላ፣ ለመንገድ ዳር ነጋዴ የዝናብ መከለያ፤ ከሸራ የሚሠራ ሆኖ በእጄ ያላለፈ ነገር የለም ብል አልዋሸሁም። ሥራዬን አውቀው ነበር። ማወቄንም አውቅ ነበር፤ ጣጣዬ ከዚህ ይጀምራል። ደንበኛ መጥቶ እዚህ ጋ ጠበበ፣ እዚያ ጋ ሰፋ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። “የስፌት መኪናው ያው፣ ቁጭ በልና ራስህ ስፋው” እለዋለሁ። የተራው ሰው ጠባዬን ስለሚያውቅ መጀመሪያ ጎረቤቴን በያጁን “እትዬ ዛሬ እንዴት ናቸው?” ብሎ ይጠይቅና ነበር ወደ እኔ የሚመጣው።

ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ በነበረበት ጊዜ ነው። አንድ ጠዋት የተጠቀለለ ገመድ ትከሻው ላይ የጣለ ሰው በሬ ላይ ቆመ። ተሸካሚ መሰለኝ።

“ዛሬ ጭነት የለም” አልኩት ቀና ሳልል።

“ጭነት ፈልጌ አይደለም እትዬ። ለጀልባ ጥላ የሚሰፋልኝ ሰው ፈልጌ ነው።”

መርፌዬን አቁሜ ሳቅኩ። እሱ ግን አልሳቀም። ከዝዋይ በሌሊት ተነስቶ፣ አውቶቡስ ተራ ወርዶ፣ እየጠየቀ ነው የመጣው። ገመዱን መሬት ላይ ዘረጋልኝ። ሦስት ቦታ ተቋጥሯል። አንደኛው ቋጠሮ የጀልባዋ አፍንጫ ነው፣ ሁለተኛው ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ፣ ሦስተኛው ሞተሩ ያለበት። ስፋቷን ደግሞ በሌላ አጭር ገመድ ለክቶ ኪሱ ውስጥ ከቶታል።

“ለምን ጃንጥላ አትገዛም?” አልኩት።

“ሦስት ገዝቻለሁ። ሦስቱንም ነፋስ ወስዶ ሐይቁ ውስጥ ከቶብኛል።”

ጥላው ለእሱ እንዳልሆነ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሚስቱ ከተወለደች ጀምሮ ቆዳዋም ፀጉሯም ነጭ ነው፤ አልቢኖ የሚሏት ዓይነት ሴት ናት። የሚኖሩት ሐይቁ መሀል ካለች ደሴት ላይ ነው። እሱ ዓሣ ያጠምዳል፣ እሷ ከተማው ዳር በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ትሸጣለች። መሸጫዋ ጥላ ስለሆነ ግድ የለም። መንገዱ ነው ጠላቷ፤ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ በውሃ ትመጣለች፣ ቀትር ላይ ደግሞ በዚያ ፀሐይ ትመለሳለች። ካፍንጫዋ አጠገብ ቁስል ወጥቶባት ሐኪም ቆርጦ አውጥቶታል። ፀሐይ ደግሞ ከነካት ግን የሚመጣው ቁስል እንዲህ በቀላሉ የሚወጣ እንዳይመስላት ብሎ አስጠንቅቋታል።

“ታዲያ ቤቷ አትቀመጥም?”

“ብያት ነበር” አለ። “‘ዓሣውን አንተ ልትሸጠው ነው?’ ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ ገዢ ሁለቴ ከተከራከረኝ በነፃ እሰጠዋለሁ። ደሞ እትዬ፣ ከሰው መሀል ስትሆን ነው ደስ የሚላት። ቤት ካስቀመጥኳት ሌላ በሽታ ነው የምጨምርባት።”

አንጀቴን በላው። እሠራልሃለሁ አልኩት።

ጀልባ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው መተላለፊያ ላይ በገመዱ ልክ ጀልባዋን በጠመኔ ሣልናት። ሰው ሲቀመጥ ጥላው ከራሱ ስንት ክንድ ከፍ እንደሚል ለማየት አራት ተሸካሚዎች ጠርቼ ሥዕሉ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ያኔ ነው ተራው በሳቅ ያበደው። አንዱ ከፊት ቆሞ “ዝዋይ! ዝዋይ! አንድ ሰው የቀረው!” እያለ ይጣራል፤ ሌላው “ወራጅ አለ!” ብሎ ይነሳል። በያጁም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣና ወፍራም ብረት ካልተከልንበት ነፋስ ይነቅለዋል አለ። ባለጀልባው ደነገጠ።

“ጋሼ፣ ላይዋ ከከበደ እኮ ትገለበጣለች።”

ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ ውስጡ ባዶ በሆነ ቀጭን ብረት፣ በቱቦላሬ ተስማሙ። አራት እግር፣ ጎንና ጎኗ ላይ በብሎን የሚታሰር፣ ቁመቱ ለቆመ ሰው የማይበቃ፣ ለተቀመጠ የሚበቃ። ሸራውን ከጥቁር አረንጓዴ፣ ውሃ ከማያስገባው ዓይነት ቆረጥኩት።

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር። ድንኳን ሰፊዎች አንድ ልማድ አለን። የሠርግ ድንኳን ከላይ ምንም ዓይነት ቀለም ይኑረው፣ ከውስጥ ነጭ ገበር ይደረግበታል። ነጩ ብርሃኑን መልሶ ሰው ላይ ያፈሰዋል፤ ሙሽራዋ ትፈካለች፣ እድምተኛውም ያምርበታል። የለቅሶ ድንኳን ግን ገበር የለውም። ማንም ፊቱ እንዲፈካ አይፈልግማ። እኔ ያቺን ሴት በዓይነ ህሊናዬ ሳያት፣ በየቀኑ እንደ ለቅሶ ድንኳን የጨለመ ነገር ስር ተቀምጣ መሄዷን አልወደድኩትም። የሠርግ ትርፍ ነጭ ጨርቅ ነበረኝ፤ አውጥቼ ዙሪያውን ጥልፍልፍ አድርጌ ገበር ሰፋሁበት። ማንም አላዘዘኝም።

ባለጀልባው ገልብጦ ሲያየው ዓይኑ እንባ አቀረረ።

“ከእኔ የተላከ ስጦታ ነው በላት” አልኩት። በራሴ እንዴት እንደኮራሁ!

ሁለት ወር ቢሆነው ነው፣ ሰውዬው ገመድ ሊገዛ መርካቶ መጣና የደረቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልኝ ብቅ አለ። ጥላው ግሩም ነው አለ፣ ነፋሱን ቻለው አለ፣ የደሴቱ ሰው ሁሉ አየው አለ። ስለ ሚስቱ ግን አንድ ቃል አልወጣውም።

“እሷስ?” አልኩት።

ጫማውን ማየት ጀመረ። “ደህና ናት። ትንሽ… አገጯ ስርና አንገቷ ቀልቷል።”

ያው እኔ እኔ ነኝና ነደድኩ። ጥላዬ ስር ሆና እንዴት ትቃጠላለች? ወጣ ብላ ተቀምጣ ነው፣ አንተም ጀልባህን ወደ ፀሐይ እያዞርክ ነው፣ ወይ ደግሞ እግሩን አጣመህ ተክለኸዋል፤ ያላልኩት የለም። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ንዴቴ ሲበርድ ነው ነገሩ የከነከነኝ። አገጭ ስር? ፀሐይ ከላይ እንጂ ከታች አትወጣ! በማግስቱ ሱቄን ለበያጁ አደራ ብዬ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ሄድኩና ከሰውዬው ጋር ተሳፈርኩ።

ሴትዮዋ ከተማው ዳር፣ መሸጫዋ ላይ ጠበቀችን። ቅንድቧ ነጭ፣ ዓይኗን ብርሃን የሚያስጨንቃት፣ ባለ ረጅም እጅጌ ቀሚስ የለበሰች፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ካፍንጫዋ አጠገብ የተሰፋው ጠባሳ ይታያል። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ደራርባዋለች። እንደ ዘመድ አገላብጣ ሳመችኝ።

“መርካቶን ያለ እርስዎ ዛሬ ማን ይቆጣዋል?” አለችኝ። ወደድኳት።

ቀትር ላይ ወደ ደሴቷ ተነሳን። ባል ከሞተሩ ጋ፣ እኔና እሷ በእኔ ጥላ ስር፣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን። መጀመሪያ ፍርሃቱ ይዞኝ ስለነበር ከጀልባዋ ጠርዝ ሌላ የማየው አልነበረም። ኋላ ልቤ ሲመለስ ቀና አልኩ። ነጩ ገበር ላይ ብርሃን ይሯሯጣል። ከውሃው ላይ እየተነሳ ገበሩን ይመታዋል፣ እዚያም ይርገበገባል፤ እንዴት ያምራል! እንዲያውም “አየሽ ሥራዬን” ልላት ዞር አልኩ። ያው ብርሃን ጉንጯ ላይ፣ አገጯ ስር፣ ነጠላዋ ሸርተት ያለበት የቀላ አንገቷ ላይ ይርገበገባል። ውሃው ፀሐይዋን ከታች ይወረውራታል፣ የእኔ ነጭ ደግሞ ተቀብሎ መልሶ እሷ ላይ ያፈሳታል። መርካቶ ውስጥ ፀሐይ ከላይ ብቻ ነው የምትመጣው። ሌላ ፀሐይ መኖሩን በምን አውቄ!

“ገበሩ ነው” አልኩ።

ባልና ሚስት ተያዩ።

“ታውቁ ነበር እንዴ?”

“በሳምንቱ ነው ያወቅነው” አለች ቀስ ብላ። “ጥላው ሳይኖር የማይነካኝ ቦታ መቃጠል ሲጀምር።”

“ታዲያ ለምን አልቀደድሽውም? ዝዋይ ምላጭ የለም?”

“ስጦታ እኮ ነው እትዬ። አይተውኝ የማያውቁ ሰው ለእኔ ብለው የሰፉትን እንዴት አድርጌ ልቅደደው? ደግሞ…” ብላ ወደ ባሏ አየች።

“ደግሞ ምን?”

“ሥራቸውን ሲነቅፉባቸው አይወዱም ብሎኛል። እንዳይከፉብን ብለን ነው።”

ሐኪም ያስጠነቀቃት ሴት፣ የቆሰለ ፊቷን ይዛ፣ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋትና ቀትር እየተቃጠለች የምትጨነቀው ለእኔ ነበር። የማታውቃት የአንዲት ቁጡ ሴት ልብ እንዳይሰበር። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኩትም።

“ሞተሩን አጥፋው” አልኩት ባልየውን፤ መቀሴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሴትዮዋ ልትከለክለኝ ሁለት እጄን ያዘች።

“ይተዉት በሞቴ፣ አሁን ለምጄዋለሁ!”

“አልለመድሽውም!” ብዬ ጮኽኩባት። ተቆጣሁ፤ ግን በራሴ ላይ ነበር። እጄን ለቀቀችኝ። ጀልባዋ መሀል ሐይቅ ላይ እየተወዛወዘች፣ እኔ ክሩን ስቆርጥ እሷ ጨርቁን ስትስብ፣ ነጩ ገበር እየተንዘረፈፈ ጭናችን ላይ ወረደ። ከላይ ጥቁር አረንጓዴው ቀረ። ፊቷ ላይ ሲሯሯጥ የነበረው ብርሃን ሄደ። ከጎን የሚገባው ግን ገና ነበርና ነጠላዋን አስወልቄ በግራና በቀኝ መጋረጃ የሚሆነውን ለካሁበት።

ስንለያይ እንዲህ አልኳት፦ “መጋረጃውን ሰፍቼ እልካለሁ። ያልተመቸሽ ነገር ካለ ግን ትነግሪኛለሽ። ቁጣዬን እኔው እችለዋለሁ፣ አንቺ አትቻይልኝ።” እሺ አለች፤ እሺታዋን ግን አላመንኩትም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው እንዳይከፋው ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት በአንድ ቀን አትለወጥም ብዬ ነው።

ሁለቱን መጋረጃዎች ከዚያው ከጥቁር አረንጓዴው ሸራ ሰፍቼ በአውቶቡስ ላክኩ። ከዚያ ወሬ ጠፋ። ወር አለፈ፣ ሌላም ጥቂት ሳምንት ተጨመረ። ዝምታው በላኝ፤ ደግማ እየተቃጠለች ዝም ያለችኝ መሰለኝ። ድንኳን ስሰፋ እንኳ ያ የቀላ አንገት ይታየኝ ነበር።

በመጨረሻ ባልየው መጣ። ብብቱ ስር የታጠፈ ነገር ይዟል፤ በሬ ላይ ቆሞ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሩ ይቆማል።

“ምን ሆነች?” አልኩት ሰላምታም ሳላስቀድም።

“ደህና ናት። አንገቷ ድኗል። ሐኪሙም አይቷት አዲስ ነገር አላገኘም። ትናንትም ስትሸጥ ነው የዋለችው።”

“ታዲያ አንተ ምን ሆነሃል?”

“መልእክት ልካለች። ብቻ እኔን እንዳይቆጡኝ፤ ቃል በቃል ንገራቸው ስላለች ነው።”

“ተናገር እንጂ!”

“‘የግራው መጋረጃ አጥሯል። ስፌቱም ጠማማ ነው፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከእርስዎ አልጠበቅኩም’ ብላለች።”

በያጁ ከጎን ሰምቶ ሥራውን አቆመ። ጠባዬን ስለሚያውቅ ሰውዬውን ሊያስጥል ሳይሆን አይቀርም ብድግ ያለው። እኔ ግን ሳቄና ለቅሶዬ አንድ ላይ መጥቶብኝ ግድግዳውን ያዝኩ። መጋረጃውን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አጥሯል፤ ስፌቱም ጠማማ ነው። ሰውዬውን አስቀምጬ፣ ያን ቀን ሌላ ደንበኛ መልሼ፣ ክሩን ከጫፉ መተርተር ጀመርኩ።