ጎመንና ሳፋ

የበልጉ ሰማይ ሲያጉረመርም የእርጥብ አፈር ሽታ የቦሌ አራብሳውን በረንዳዬን ሞላውና ወደ ሳሊተ ምሕረት፣ ወደ ልጅነት ጓሯችን ወሰደኝ።

ያን ቀን በረዶው ድንገት ወረደ። ጎመኑን በቀሚሴ ልከልል ሮጥኩ። አባዬም የጎመኑን መደብ ሊሸፍን የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ይዞ ወጣ፤ እኔን ሲያይ ግን አናቴ ላይ ደፋው። በረዶው ሳፋውን እንደ ከበሮ ሲደልቀው ከሥሩ ሆኜ ሰማሁ። ሲያባራ ጎመኑ ተበጣጥሷል።

«አባዬ፣ ጎመናችን!» ብዬ አለቀስኩ።

እሱ ራሱ በስብሶ ፀጉሬን ዳበሰኝ። «ጎመን በጤና ሲባል አልሰማሽም? ጎመኑ ሄደ፤ ጤናው ይኸው ቆሟል።»

ዛሬም በረዶው ሲጀምር ባልዲ ውስጥ የተከልኩትን ጎመን ቶሎ ብዬ ወደ ቤት አስገባሁት፤ አንድም ቅጠል አልተነካም። እኔ ግን በረንዳው ላይ ቀረሁ። በረዶው አናቴን ይመታኛል፤ የሚደልቀው ሳፋ የለም።