በእንሶስላ የተሸፈነው ጥፍር

አሜሪካ፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ ነርሲንግ በምማርበት ጊዜ፣ በሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የአካል ምርመራ ክላስ ላይ ስለ ጥፍር ተማርን። አስተማሪያችን ለብዙ ዓመት የቆዳ ሕክምና ክፍል የሠራች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። የራሷን እጅ ዘርግታ ጥፍሮቿ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተሰመሩ ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች አሳየችን።

«ጥቁር ሰው ላይ ይሄ የተለመደ ነው፤ አትደንግጡ» አለች። «የሚያስፈራው አንድ ጣት ላይ ብቻ ሲወጣ፣ እየሰፋ ሲሄድና ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳውን ሲነካ ነው። ያ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ደግሞ ቀለም የተቀባ ጥፍር አይታችሁ ‹ደህና ነው› ብላችሁ እንዳትጽፉ። አላያችሁትማ።»

ይህን ስትል አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ትዝ አሉኝ።

አማቴ ልጃችንን ሊይዙልን ከወሎ ከመጡ ስምንት ወር ሆኗቸው ነበር። እጃቸው ከእንሶስላ ተለይቶ አያውቅም። ይዘውት የመጡት ሲያልቅ ዳላስ ካለ የሐበሻ ሱቅ ሂና ያስገዙኝ ጀመር። እኔ እንደ ጌጥ ነበር የማየው። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ግን ከሌሎቹ አስበልጠው፣ ደጋግመው እንደሚቀቡት ልብ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ቤት ስደርስ ልጅቷን ገንፎ እያበሉ ነበር።

«እማማ፣ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ። የቤት ሥራ ሰጥተውናል» አልኳቸው።

ግራቸውን ዘረጉልኝ። ቀኙን ስጠይቃቸው ማንኪያውን ጠበቅ አድርገው ያዙና «መጀመሪያ ልጅቷ ትብላ» አሉኝ። በልታ ስትጨርስም አላሳዩኝም።

ለባለቤቴ ነገርኩት። ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ውሎ ደክሞት ነበር የገባው።

«ባለፈው ወር እኔን የልብ በሽተኛ አደረግሽኝ» አለኝ። «አሁን ደግሞ እናቴን?»

እውነቱን ነው፤ የተማርኩትን በሽታ ሁሉ ቤቴ ውስጥ ነበር የምፈልገው። ስለዚህ ነገሩን ተውኩት። ፍርሃቱ ግን አልተወኝም። የአማቴን እጅ በግድ ይዤ መግለጥ ነውር ነው። ያለኝ መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ሂና ግዢልኝ ሲሉኝ «ሱቁ ጨርሷል» እያልኩ ዋሸኋቸው። የተቀባ ጥፍር ሲያድግ ቀለሙ ወደ ጫፍ ይሄድና ሥሩ ላይ ያልተቀባው ይወጣል። እሱን መጠበቅ ጀመርኩ።

ሦስት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጅቷን ደረታቸው ላይ እንዳስተኙ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቀኝ እጃቸው ጀርባዋ ላይ ነበር። ተንበርክኬ አየሁት። ከጥፍሩ ሥር የወጣው ጥቁር መስመር ሰፊ ነበር፤ ዳርና ዳሩም እኩል አልነበረም። ቆዳውም ቀለም የፈሰሰበት ይመስል ጠቁሯል። ቀና ስል ዓይናቸው ተገልጧል።

«አየሽው» አሉኝ። እጃቸውን አልሰበሰቡም።

«መቼ ጀመረዎት?»

«እዚያው አገር ቤት ሳለሁ ነው። ለቪዛው ሐኪም ይመረምርሻል ሲሉኝ፣ ይሄን ካየ የሚመልሰኝ መሰለኝ። ቀባሁት። ከመጣሁ በኋላ ደግሞ መግለጡን ፈራሁት።» ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለልጄ አትንገሪው» አሉኝ።

«እነግረዋለሁ፣ እማማ።» ለእሳቸው እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

ዳላስ ያለች የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ መናገር ከመጀመሯ በፊት አማቴ ወደ እኔ ዞረው «የምትለውን እንዳታሳንሺብኝ» አሉኝ። አላሳነስኩም። ከጥፍሩ ሥር ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ አሥር ቀን ፈጀ። በእነዚያ ቀናት ባለቤቴ ከእናቱ አጠገብ እየተቀመጠ፣ ያን ጣት ላለማየት ቴሌቪዥኑ ላይ ያፈጥ ነበር። እኔ ስልኬን ክላስ ውስጥም አላጠፋም ነበር።

የተደወለልኝ ከሆስፒታል ልምምድ ወጥቼ መኪናዬን ሳስነሳ ነው። ካንሰር ነው፤ ግን ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ጥፍሩና ከሥሩ ያለው ቆዳ ይወጣል፤ ጣቱ ይተርፋል። ስልኩን ዘግቼ መንዳት አልቻልኩም። ሞተሩን አጥፍቼ ለረጅም ጊዜ እዚያው ተቀመጥኩ። ስድስት ወር ቢዘገይ ኖሮ እያልኩ አስብ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ደህና ሄደ። ከክንዳቸው ቆዳ ተወስዶ ጣታቸው ላይ ተለጠፈ። ቁስሉ ሲሽር የልጅቷን የልብስ ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው፤ ቀስ በቀስ በሌሎቹ ጣቶች መቆለፍ ለመዱ።

ይኸው ሁለት ዓመት ሆነ። በየጥቂት ወሩ ለቁጥጥር እወስዳቸዋለሁ። እሳቸው በመንገድ ላይ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መኪናው ብዛት ያወራሉ። እኔ አልሰማቸውም። ሐኪሟ ካንሰሩ ተዛምቶ እንደሆነ ለማወቅ ብብታቸውን ስትዳስስ የማየው እጇን አይደለም፤ ፊቷን ነው።