አንድ ቁጥር የለበሱ ሁለት ማሽኖች

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሙሐንዲስ ኻሊድ አንድ ስካነር፣ አንድ የቢሮ ስልክና ከመጋረጃ ጀርባ ያለ ጠረጴዛ አስረከቡኝ። ጊዜው በፈረንጆቹ 2014 መጀመሪያ ነው። ድርጅቱ ሪያድ ውስጥ ቤታቸው ለሚታከሙ ሕመምተኞች የኦክስጅን ማሽን፣ አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር ያከራያል። ኻሊድ የጥገናና የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ግብጻዊ፣ ቀጭን፣ ሻይ ሲጠጡ እንኳ የሚቸኩሉ ሰው።

«ሥራሽ ቀላል ነው» አሉኝ። «እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር አለው። አንዳንዴ ፕሮግራሙ አንዱን ቁጥር ሁለት ቦታ ያገኘዋል። አንዱ ውሸት ነው። ውሸቱን ፈልገሽ ታጠፊዋለሽ። ያላ፣ ጀምሪ።»

እኔ ያደግሁት እዚያው ሪያድ፣ ጉበይራ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ ሹፌር ነው፣ እናቴ የወሎ ሰው ናት፤ ዓረብኛዬ ከትምህርት ቤት፣ አማርኛዬ ከእሷ አፍ የመጣ ነው። በኮምፒውተር ዲፕሎማዬ የተቀጠርኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት። ብዙም ሳልቆይ ነገሩ ገባኝ። ቴክኒሻኖቹ ሁሉ ወንዶች ናቸው፤ ሴቶች የሚተኙበት ክፍል አይገቡም። ማሽኑን ሳሎን ድረስ አስገብተው፣ አሠራሩን ለቤት ሠራተኛዋ በእጅ ምልክት አሳይተው ይመለሳሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ማሽኑ የምታውቀው ሠራተኛዋ ብቻ ነች፤ እሷም ብዙ ጊዜ የአገሬ ልጅ ነች። የተፈለግሁት ሴት በመሆኔና አማርኛ በመቻሌ ነው። ዲፕሎማው ፋይል ውስጥ ተኝቶ ቀረ።

ቆጠራ ሲደርስ እነዚህ ሠራተኞች የማሽኑን ቁጥር በስልካቸው ፎቶ አንስተው ይልኩልኝ ነበር። አንዷ ማሽኑን ትታ የፍሪጁን ቁጥር ላከችልኝ። ስደውልላት «ምን ላድርግ እህቴ፣ እሱም እኮ ሲጮህ ያድራል!» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሁለት ሽማግሌዎች ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተሽከርካሪ ወንበር ተቀያይረው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ መንሱራ ሰፈር መሆን የነበረበት ወንበር ፉጣ ሰፈር ተገኘ። ሁለቱም የራሴ ነው ብለው ድርቅ አሉ። በመጨረሻ የታረቁት እኔ ቁጥሩን ስላሳየኋቸው ሳይሆን የአንደኛው መቁጠሪያ ከወንበሩ ኪስ ስለወጣ ነው። በሥራው የሳቅኩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ እነዚህ ከእነሱ ውስጥ ናቸው።

ሁሉም ድርብ ቁጥር ግን እኔ ጋ አይደርስም ነበር። ኻሊድ ፕሮግራሙ ላይ አንድ ደንብ አስገብተው ነበር፦ የመጨረሻው ስካን ያሸንፋል። ሁለት መዝገብ በአንድ ቁጥር ሲመጣ ፕሮግራሙ ዕቃው ያለበትን ቦታ ከኪራይ ውሉ ይወስዳል፤ ጥገናውንና የሠራበትን ሰዓት ደግሞ መጨረሻ ከተነበበው። ሁለቱን ራሱ ያዋህድና ግጭቱን ይዘጋል። እኔ ጋ የሚመጣው እንዲህ ማዋሃድ ያቃተው ብቻ ነው። ይህን ለእናቴ ባጫውታት «ለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» አለችኝ። እኔ ሳቅሁባት፤ የኮምፒውተር ነገር በእርሻ የሚመሰል አልመሰለኝም ነበር።

በተቀጠርኩ በዓመቱ አንድ ሰው ቢሮ መጣ። ስሙ ሰዕድ ነው። እናቱ ኡም ሰዕድ ሳንባቸው የደከመ ባልቴት ናቸው፤ ሌት ተቀን በእኛ ማሽን ኦክስጅን ነው የሚተነፍሱት። ከጥቂት ቀናት በፊት ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገብተዋል። ሰዕድ ኻሊድን የማሽኑን መረጃ ጠየቀ፤ ኻሊድም ከፕሮግራሙ አትመው ሰጡት።

ማሽኑ ፊቱ ላይ ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ በሠራ ቁጥር ይጨምራል። በወረቀቱ መሠረት ማሽኑ ሙሉ ጥገና ተደርጎለታል፣ ማጣሪያው ተቀይሯል። የሠራበት ሰዓት ግን በጣም ትንሽ ነው። አንዲት ሕመምተኛ ወራት ሙሉ ተነፈሰችበት ለማለት የማይበቃ ነው።

«አጥፍታዋለች» አለ ሰዕድ። ድምፁን አላነሳም። «ድምፁ እንቅልፍ ሲነሳት እያጠፋችው እናቴን እያፈነቻት ነበር።» ስለ ሠራተኛቸው ስለ ዘሃራ መናገሩ ነበር።

«ማሽኑ ጤነኛ ነው» አሉ ኻሊድ። ትከሻቸውን ቀለል ሲላቸው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ በክፍተቱ አየሁ።

ሰዕድ ማሽኑን ውሰዱልኝ ብሎ ወጣ። ያለበት ክፍል የሴት በመሆኑ ከሹፌር ጋር የተላክሁት እኔ ነኝ።

ቤቱ ስደርስ ማሽኑ እየሠራ ነበር። አልጋው ባዶ ነው፣ አንሶላው ተነጥፏል፤ የመተንፈሻው ቱቦ ትራሱ ላይ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዘሃራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ወጣት ናት፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። አማርኛ ስናገር ስትሰማ እጄን ያዘችኝ።

«ለምን አላጠፋሽውም?» አልኳት። «እሳቸው ሆስፒታል አይደሉ?»

«ወላሂ አልነካውም! አጠፋሽው እያሉኝ ዛሬ ባጠፋው ደግሞ ምን ሊሉኝ ነው? ማማ እስኪመለሱ ይሥራ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ኧረ እህቴ፣ እሳቸው ሲተነፍሱ ካልሰማሁ እንቅልፍም አይወስደኝ። አንድ ቀን ቢጫ መብራት በራበት። እናንተ ጋ ደወልኩ። አንድ ወንድ አነሳና ሰርቪስ ተደርጓል፣ ሙቀት ነው፣ ክፍሉን አቀዝቅዢ አለኝ። ኤሲውን አጥንቴ እስኪበርደው ለቀቅኩት። የማማ ከንፈር ግን ጠቆረ። ለከፊሌ፣ ለአሠሪዬ ለሰዕድ ነገርኩት፣ እሱም ደወለ። ለእሱም ያንኑ አሉት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለሹርጣ እሰጥሻለሁ ብሎኛል» አለች።

ፖሊስ ጋ ከደረሰች ምን እንደሚከተል ሁለታችንም እናውቃለን። ዓረብኛዋ ከቤት ሥራ አያልፍም፣ የሚቆምላት ሰው የላትም፤ በእጇ ያለው የእሷ ቃል፣ በሰዕድ እጅ ያለው የእኛ ወረቀት ነው።

ጎንበስ ብዬ ቆጣሪውን አነበብኩ። ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቁጥር የሚደርሰው ያለ ዕረፍት የሠራ ማሽን ብቻ ነው። ሽፋኑ ላይ የተለጠፈውን የእኛን ቁጥር አየሁ፤ ትክክል ነው፣ ከወረቀቱ ጋር አንድ ነው። ግራ ገባኝ።

«እስቲ ያዢልኝ» አልኳትና ማሽኑን አዘነበልነው። ከሥሩ፣ ብረቱ ላይ፣ ፋብሪካው የመታው መለያ ቁጥር አለ። እሱ ግን ወረቀቱ ላይ ካለው የፋብሪካ ቁጥር ሌላ ነው። በስካነሬ ስፈልገው ያ የፋብሪካ ቁጥር በእኛ ፕሮግራም የሌላ ማሽን ነው።

ሁለቱንም ፎቶ አነሳሁ። ማሽኑን ግን አልወሰድኩትም። ጥገና ክፍል ከገባ በማግስቱ ተፈታትቶ ቆጣሪው ዜሮ እንደሚሆን አውቃለሁ። ለሹፌሩ መኪናው ውስጥ ቦታ የለም አልኩት፤ ባዶውን መኪና አየና ሞተሩን አስነሳ። እግዜር ይስጠው።

ጥገና ክፍል ሪፋት የሚባል የባንግላዲሽ ሰው አለ፤ እጁ የተባረከ፣ ወሬ የማይወድ። ፎቶውን ሳሳየው ምንም አልደነቀውም። «ሽፋን ነዋ» አለኝ። የአንድ ማሽን ሽፋን ሲሰነጠቅ ከሞተ ማሽን ላይ ደህናውን ነቅለው ያለብሱታል። አዲስ ሽፋን እስኪመጣ ሕመምተኛ አይጠብቅም። የእኛ ቁጥር የሚለጠፈው ደግሞ ሽፋኑ ላይ ነው። ለኡም ሰዕድ የሄደው ማሽን የሞተውን ማሽን ሽፋን ከነቁጥሩ ለብሶ ሄደ። በኋላ የሞተው ማሽን መለዋወጫ ተገኘለትና ተነሳ፤ አዲስ ሽፋን አለበሱትና በፋብሪካ ቁጥሩ ፈልገው የራሱን ቁጥር እንደገና አተሙለት። በአንድ ቁጥር ሁለት ማሽን ሆነ። ሪፋት ጥገና የተደረገለትን፣ ብዙም ያልሠራውን ማሽን መደርደሪያው ላይ በጣቱ አሳየኝ። ፕሮግራሙ የዚህን ጥገናና የዚህን ሰዓት ወስዶ በኡም ሰዕድ ስም ጽፎታል። እሳቸው ይተነፍሱበት የነበረው ማሽን ግን ቤታቸው ከገባ ጀምሮ አንድም ጥገና አላየም። ማጣሪያው አልቆ ተራ አየር እየነፋ ነበር።

ወደ ኻሊድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። መዝገቡን ይለዩልኝ አልኩ፤ የተዋሃደን መዝገብ መለየት የሚቻለው በእሳቸው ፈቃድ ብቻ ነው።

ፎቶዎቹን ደጋግመው አዩ። «ብንለየው ቤት ያለው ማሽን ጥገና ያላየ ይሆናል» አሉ።

«ጥገና አላየማ፣ ሙሐንዲስ።»

«ያኔ ተጠያቂው ማነው?»

«እኛ ነን።»

«እኛ የሚባል ሰው የለም፤ እኔ ነኝ። የእኔም ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ እንዳንቺው በድርጅቱ እጅ ነው። ልጆቼን የማስተምረው በዚህ ደመወዝ ነው። ቤተሰቡ መጀመሪያ ይረጋጋ፣ ከዚያ እናየዋለን ኢንሻአላህ።»

«ልጅቷስ?»

ስልኬን መለሱልኝ። ተናደድኩባቸው። ጠላኋቸው ግን ማለት አልችልም፤ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ብነግረው «ልጄ፣ ሰው አገር ነው ያለነው፤ አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ» አለኝ። እውነቱን ነው። የእኔ መኖሪያ ፈቃድ ከተበላሸ ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር እንግዳ ነኝ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና ሳትል «ያቺስ ልጅ በማን አገር ሆና ነው?» አለች።

በማግስቱ ከቢሮው ሳይሆን ከራሴ ስልክ ለሰዕድ ደወልኩ። ማንነቴን ነግሬ «እባክዎ፣ እናትዎ ክፍል ይግቡና የማሽኑን ቆጣሪ ያንብቡልኝ» አልኩት።

አነበበው። ወረቀቱን ሲገልጥ ይሰማኛል።

«ይህ ስህተት ነው» አለ።

«አሁን አዘንብለው ከሥሩ ያለውን ቁጥር ያንብቡ።»

አነበበው። ወረቀቱን እንደገና ገለጠ። «ወረቀቱ የዚህ ማሽን አይደለም» አለ በመጨረሻ።

«አይደለም። ዘሃራ አንድም ቀን አላጠፋችውም። መብራቱን ስትነግርዎም እውነቷን ነበር።»

ስልኩን ዘጋው። ያን ቀን ፖሊስ ጋ አልሄደም፤ በሌላ ቀንም አልሄደም። ኡም ሰዕድ ግን በዚያው ሰሞን ሆስፒታል አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ሰዕድ ኻሊድ ጋ መጥቶ በር ዘግተው ተነጋገሩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። መዝገቡ ተለየ፣ ደንቡ ተሻረ፣ የተከራዩ ማሽኖች ሁሉ ከሥራቸው እየታዩ እንዲመረመሩ ታዘዘ። እንደዚያው ሽፋን የተለዋወጡ ሌሎችም ተገኙ። እኔም ከጠረጴዛዬ ተነስቼ መጋዘን ወንበር ቆጣሪ ሆንኩ፤ በ2016 ሌላ ድርጅት እስክገባ እዚያው ነበርኩ። ማንም ጥፋተኛ ነሽ አላለኝም፤ ማንም ደግሞ ሻይ ጠጪ አላለኝም።

ያን ዕለት ሰዕድ ከኻሊድ ቢሮ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ አግኝቼው ስለ ዘሃራ ጠየቅሁት።

«ጥፋት የለባትም» አለ። «ግን ባየኋት ቁጥር ያልኳት ነገር ይመጣብኛል። ቤቴ ልትኖር አትችልም። የመጨረሻ መውጫ ቪዛዋን አስመትቼላታለሁ፤ አገሯ ትገባለች።»

ወደ ሌላ ቀጣሪ ያዛውራት ዘንድ ለመንኩት። አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

ዘሃራ ከአውሮፕላን ማረፊያ ደወለችልኝ። ከኋላዋ የብዙ ሴቶች ድምፅ ይሰማል።

«እህቴ፣ ከፊሌ አምኖኛል አይደል?»

«አምኖሻል። ለእኔ በአፉ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ይሰደኛል? ሌላ ቤት ልግባ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ኸላስ፣ አልቋል አለኝ። እኔ እኮ ለወንድሞቼ ገና ምንም አላደረግሁም።»

ሰዕድ ያለውን ልነግራት አልቻልኩም። «ማማሽ የሉም፤ ሥራው አልቆ ነው» አልኳት።

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች። «መብራቱን ግን ነግሬያቸው ነበር» አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

አሁን ይህን ሥራ ለሚጀምሩ ልጆች የማስተምረው ይህን ነው። ቁጥርን በሚነቀል ነገር ላይ አትለጥፉ። ሁለት መዝገብ በአንድ ቁጥር ሲመጣባችሁ ሁለቱንም ዕቃ በዓይናችሁ ሳታዩ አታዋህዱ። የተዋሃደ መዝገብ በኋላም ይለያል። በመሃል የተሳፈረች ሴት አትመለስም።