ለውድድሩ የቆረጥኩት እንሰት

ይህን ነገር ለእናቴ አልነገርኩም። ለመጋቢያችንም አልነገርኩም። አብራኝ ቡና የምትለቅም ጓደኛዬም አታውቅም። በቤተ ክርስቲያናችን እሁድ እሁድ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ይመሰክራል፤ የበደለውን በሰው ፊት የሚናገርም አለ። እኔ አንድም እሁድ ተነስቼ አላውቅም። ድምፄ ትንሽ ነው፤ ሰው ሲያየኝ ያችም ትጠፋለች። የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም መጻፍ እችላለሁ፤ ስጽፍ ደግሞ ፊቴን የሚያይ የለም። ስለዚህ ለማታውቁኝ ለእናንተ ልንገራችሁ። ረድኤትን በሰው ፊት ያዋረድኳት እኔ ነኝ። ማሽኗ ተበላሽቶ አይደለም የቆመው። እኔ ነኝ ያስቆምኩት።

ቤታችን ኢዲዶ ነው፤ ይርጋጨፌ አጠገብ። ቡና ሲደርስ እንለቅማለን። በሌላው ጊዜ እኔና እናቴ የራሳችንንም የሰውንም እንሰት እንፍቃለን። ሥራውን ለማታውቁት፣ የእንሰቱ ግንድ በየንብርብሩ ይላጣል። ልጣጩ በዘመመ ሳንቃ ላይ ይዘረጋል፣ ከላይ በእግር ይያዛል፣ ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ይሳባል። ቆጮ የሚሆነው ነጩ ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። እናቴ ይህን ስትሠራ ነው ያረጀችው። ቀኝ ትከሻዋ አልቋል። ነጠላዋን ስትለብስ አንዱን እጇን በሌላው እጇ ታነሳዋለች።

ረድኤት የዲላ ልጅ ናት። ያኔ ኮሌጅ ምህንድስና ትማር ነበር። ኮሌጁ ተማሪዎች ለአካባቢው የሚጠቅም ማሽን ሠርተው የሚወዳደሩበት ዝግጅት ነበረው፤ የሚያሸንፈው ማሽን በኮሌጁ ወርክሾፕ እየተባዛ ለገጠር ሴቶች ማኅበራት እንደሚሰጥ ተነገረ። የእኛም ማኅበር ከነዚያ አንዱ ነበር። ረድኤት ከሁለት ወንዶች ጋር ሆና እንሰት የሚፍቅ ማሽን ልትሠራ ተነሳች። አክስቷ ጎረቤታችን ስለሆነች ሥራውን ለማየት እኛ ጋ መጣች።

በእኛ ሰፈር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አይጠጋም። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ከአጥር ውጭ ሆነው ነበር የሚጠይቁት።

"ረድኤት! እግሯን የት ጋ ነው የምታደርገው?" ይላል ናቲ የሚባለው፣ ወሬ የሚወደው።

"አንተ መጀመሪያ የራስህን እግር ከአጥሩ አርቅ!" ትለዋለች እናቴ። ሴቶቹ በሳቅ ይሞታሉ።

ረድኤት ግን ከጎኔ ሆና ፋቀች። መዳፏ ተላጠ፤ ቢሆንም አልተወችውም። እኩያዬ ናት። "ትዕግስቴ" ነበር የምትለኝ። ለሙከራ የሚሆነውን እንሰት የምመርጥላት እኔ ነበርኩ፤ ከጓሯችን ያልጠና፣ ቃጫው የለሰለሰውን እየቆረጥኩ እልክላት ነበር። ማሽኗ አሳምሮ ፋቀው። ውድድሩ ሲደርስ፣ "ያንኑ ዓይነት ይዘሽልኝ ነይ። አንቺ ከመረጥሽው እኔ ምን ያሳስበኛል" አለችኝ። ወንዶቹ ወደ ሥራው አልተጠጉም፤ እሷም አመነችኝ። እንሰቱን ለይቶ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ማንም አልነበረም።

ታዲያ ምን ሆኜ ነው? አንድ ቀን ከጓሮ ልጣጭ ተሸክሜ ስመጣ ናቲ ከአጥሩ ወዲያ ሲናገር ሰማሁት። "ይሄ ማሽን ከሠራ ትዕግስት ሥራ ፈት ሆና ቲክቶክ ላይ ነው የምትውለው!" አለ። ረድኤት ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው እኔም ልስቅ እችላለሁ። ያን ቀን ግን ሸክሜን እንደያዝኩ ቆምኩ። እኔ የማውቀው መፋቅ ብቻ ነው። እሷ ይህን ወስዳብኝ ዲላ ትቀመጣለች፣ እኔስ ምን እሆናለሁ? ሄጄ ብጠይቃት ትመልስልኝ ነበር። አልጠየቅኳትም። አፌን ዘግቼ ቂም ያዝኩ። ዝምተኛ ሰው ክፋት የለውም የሚሉ ሰዎች እኔን አያውቁኝም።

በውድድሩ ዋዜማ ወደ ጓሮ ገባሁ። ለስላሳውን አለፍኩት። ከዳር ወዳለው፣ አበባ አውጥቶ ወደ ጠናው ሄድኩ። የእንዲህ ዓይነቱ ቃጫ ገመድ ነው፤ እኛ እንኳ በመከራ ነው የምንፍቀው። እሱን ቆረጥኩ። ከላይ ያለውን አሮጌ ልጣጭ ገፍፌ ነጩን ብቻ አስቀረሁ፤ ያኔ ከለስላሳው ጋር ለከተማ ሰው አንድ ይመስላል። ይህን ያደረግኩት ተሳስቼ አይደለም። አውቄ ነው።

እናቴ አየችኝ። "ያንን ደረቅ ለምን ቆረጥሽው?"

"እነሱ ናቸው የፈለጉት፣ እማ" አልኳት።

እሷም አመነችኝ። "ጌታ ያቺን ልጅ ይርዳት" ብላ ወደ ቤት ገባች። ትከሻዋን እያሸች።

ልጣጩን በኮባ ጠቅልዬ በሞተር ይርጋጨፌ አደረስኩት፤ ከዚያ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጫነ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ "ይሄኛው ተሳፋሪ የት ነው የሚወርደው?" እያለ ሰዉን አሳቀ። እኔ እስከ ዲላ ድረስ ቀና አላልኩም። መመለስ እችል ነበር። ዲላ ደርሼ እንኳ "ተሳስቻለሁ፣ ይሄ አይሆንም" ማለት እችል ነበር። ረድኤት በሩጫ መጥታ ስታቅፈኝ፣ ያኔም እችል ነበር።

ውድድሩ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ በድንኳን ሥር ነበር። ተማሪዎች ቡና የሚፈለፍል፣ ጡብ የሚሠራ፣ ብዙ ዓይነት ማሽን ደርድረዋል። የረድኤት ተራ ሲደርስ ሞተሩ ተነሳ። ጥርስ ያለው ክብ ብረት መሽከርከር ጀመረ፤ የመጀመሪያውን ልጣጭ አስገባች። ትንሽ ፋቀ። ከዚያ ቃጫው በብረቱ ላይ ተጠመጠመ። ሁለተኛውን ስታስገባ ማሽኑ አቃሰተ፤ የሞተሩ ቀበቶ ተቃጥሎ ሸተተ፤ ቀጥ አለ። ናቲ በቢላ ቃጫውን ሊቆርጥ ታገለ። ከዳኞቹ አንዱ፣ "ልጄ፣ ገመድ መጠምጠሚያ ነው እንዴ የሠራሽው?" ሲል ድንኳኑ ሙሉ ሳቀ።

እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ረድኤት ፊቷ በላብ ርሶ ወደ እኔ መጣች። ልትጠይቀኝ መሰለኝ። እሷ ግን እጄን ይዛ "ከዚያ ድረስ አልፍቼሽ አሳፈርኩሽ፣ ትዕግስቴ። ይቅር በይኝ" አለችኝ።

ሰማችሁ? ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት። እኔ ደግሞ ምን አልኩ? "ምንም አይደል" አልኩ። ይቅርታዋን ተቀበልኩ። እንሰቱን ከመቁረጤ ይልቅ ዛሬም የሚያቃጥለኝ ይህች ቃል ናት።

ጡብ የሚሠራው ማሽን አሸነፈ። ወደ ማኅበራችን ምንም አልመጣም። ሥራዬን አዳንኩ እንዴ? አዎ፣ አዳንኩት። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሳንቃው ላይ ጎንበስ ባለች ቁጥር ያዳንኩትን ሥራ አያለሁ። ትከሻዋን ቅባት ስቀባላት "እጅሽ ይባረክ" ትለኛለች። ይህ እጅ ምን እንደቆረጠ ብታውቅስ?

ረድኤት ተመርቃ ዲላ ውስጥ በርና መስኮት በሚሠራ ቤት ብረት ትበይዳለች። መራቋን ስጠብቅ እሷ አልራቀችኝም፤ በበዓል ትደውላለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደስ ብሏት ደወለች።

"ትዕግስቴ፣ አዲስ ሠራሁ! ጥርሱን ቀየርኩት፣ ቃጫውን እያራገፈ ነው የሚሄደው። ዘንድሮ የኮሌጁ ልጆች ይዘውት ሊወዳደሩ ነው። መጀመሪያ ግን እናንተ ጋ እንሞክረው። ቅዳሜ እንመጣለን።"

"እሺ" አልኩ።

"ደግሞ ያን ቀን ሳታውቂ እንዳመጣሽው ያለ ደረቅ እንሰት ፈልጊልኝ፤ ቃጫውን አይቼ በኋላ ነው የገባኝ። እሱ ነው እኮ እንቅልፍ ነስቶኝ ይህን ያሠራኝ! ማሽኑን የሚነዳም ሰው ከማኅበራችሁ እንፈልጋለን። አንቺ ብትሆኚስ?"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። እንግዲያው ጠቅሜያታለሁ፣ የእኔ ክፋት ነው ማሽኑን ያሻሻለው፣ ለምን እነግራታለሁ? ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ግን ውሸት ነው። ማሽኑን ያሻሻለችው እሷ ናት። ደረቁን እንሰት በግልጽ ሰጥቻት "ይሄኛው ይከብዳል" ብያት ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ታስተካክለው ነበር፤ የእናቴም ትከሻ ይህን ሁሉ ጊዜ ባልተጎዳ። ፈርቼ ነበር ማለት እችላለሁ፤ እውነትም ፈርቼ ነበር። ፍርሃት ግን ቢላ አያነሳም፣ እንሰት አይቆርጥም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ገብቼ እንሰቶቹን ለየሁ። ለስላሳውን ለብቻ፣ አበባ ያወጣውን ለብቻ። እናቴ "ያንን ደረቅ ደግሞ ለምን?" ስትለኝ "ቅዳሜ ረድኤት ስትመጣ አብረሽ ትሰሚያለሽ፣ እማ" አልኳት። አየት አድርጋኝ ወደ ሳንቃዋ ተመለሰች። ይህን ካልኳት ወዲህ፣ ምክንያቱን አላውቅም፣ ቀለል ብሎኛል።

ረድኤት ይቅር እንድትለኝ እመኛለሁ፤ ይቅር በይኝ ብዬም እጠይቃታለሁ። ባትለኝም ትክክል ናት። ማሽኑን እንድነዳ ያለችውንም ብትተወው አልከፋም፤ ሌላዋ ሴት ትንዳው፣ ብቻ ይምጣ። አንድ ነገር ግን ወስኛለሁ፦ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነው የምነግራት። ከተነሳ በኋላ የእኔ ድምፅ አይሰማም።