የአባቴ አንድ መሐላ

አባቴ ደሴ ፒያሳ ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል ጨርቅ ሲሸጡ አንድም ቀን ሲምሉ አልሰማኋቸውም። ጎረቤቶቻቸው አንዲት ሜትር አቡጀዴ ለመሸጥ አሥር ጊዜ ወላሂ ሲሉ፣ እሳቸው ጨርቁን ገዢው እጅ ላይ ጣል አድርገው «እየው» ብቻ ይላሉ። «እስቲ ይማሉልኝ» ያላቸው ካለ ጨርቁን አጣጥፈው መደርደሪያው ላይ ይመልሱታል። እናቴ በሕይወት ሳለች በዚህ ግትርነታቸው ስንት ገበያ እንዳመለጠን እያነሳች ትስቅባቸው ነበር። በዕድሜያቸው ሲምሉ የሰማኋቸው አንድ ጊዜ ነው። የማሉትም ለእኔ ነው፤ መሐላውም ሐሰት ነበር።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት ስዊድን ያለች አክስቴ ዘንድ ለትምህርት ሄጄ እዚያው ቀረሁ። አረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሬ የሰው አባት ሳጥብ፣ የሰው አባት ሳጎርስ ዓመታት አለፉ። የመኖሪያ ዓመቴ ሲሞላ ዜግነት አመለከትኩ። ለምን ብባል የረባ ምክንያት የለኝም። ጓደኞቼ ሁሉ ያወጡ ነበር፤ በየአየር ማረፊያው ከሰው ተለይቶ መቆምም ሰልችቶኝ ነበር። ደብዳቤው በፖስታ ሲመጣ ደስ አለኝ። አሁን አዝኜ ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ ኬክ ገዝቼ የሥራ ባልደረቦቼን ጋብዣለሁ።

የኛ ሕግ ሁለት ዜግነት እንደማይፈቅድ፣ አዲሱን ስይዝ የድሮው ከእጄ እንደሚወጣ አሳምሬ አውቅ ነበር። ለአባቴ ግን አልነገርኳቸውም። በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም፣ በአካል ስሄድ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በዓመቱ እናቴ ሞተችና መጣሁ፤ ለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ አይወራም ብዬ ተመለስኩ። ለዝምታ ሰበብ ጠፍቶ አያውቅም።

እሳቸው ግን እኔ በሌለሁበት ጎረቤት ምስክር እያቆሙ የቀበሌ መታወቂያዬን ያሳድሱልኝ ነበር። መታወቂያውን ከእናቴ ፎቶ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጠውታል። በስልክ ባገኙኝ ቁጥር «መታወቂያሽ አልተቃጠለም፣ አብሽሪ» ይሉኛል። እኔም «አሏህ ይስጥልኝ አባዬ» እላለሁ። እንዲህ ስል አፌ እንዴት እንዳልተያዘ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

እናቴ ባረፈች በሁለተኛው ዓመት እረፍት ወስጄ መጣሁ። አባቴ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ «ኮምቦልቻ ያለችውን ቤት በስምሽ ላዙርልሽ» አሉኝ። «ካንቺ ሌላ ልጅ የለኝም፤ እኔ ቆሜ ይለቅ። ኋላ ከዘመድ ጋር ፍርድ ቤት እንዳትመላለሺ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «ይደር፣ ምን አስቸኮለን» አልኩ እንጂ አልተናገርኩም። እሳቸው ደግሞ ይሉኝታ የያዘኝ መስሏቸው ጭራሽ ባሰባቸው። በሦስተኛው ቀን ሚኒባስ ይዘን ኮምቦልቻ ወረድን።

ጉዳያችንን የያዘችው የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ትሑት ሴት ነበረች። ወረቀቶቹን ስታገላብጥ ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ። «ውጭ ነው የሚኖሩት። ዜግነት ቀይረው ከሆነ አሠራሩ ሌላ ነው። ቀይረዋል?»

የጠየቀችው እኔን ነው። አባቴ ግን ቀደሙኝ።

«ማን? የኔ ልጅ?» አሉ፤ ደማቸው ፊታቸው ላይ ወጣ። ጠቋሚ ጣታቸውን ወደ ላይ አቆሙ። «ወላሂ! ወላሂል አዚም! የእናቷ ቀብር ያለበትን አገር የምትለውጥ ልጅ አልወለድኩም!»

ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ነበር፤ የስዊድን ፓስፖርቴም ቦርሳዬ ውስጥ። ሠራተኛዋ መልሱን ከእኔ ትጠብቅ ይሆናል ብዬ ፈራሁ፤ እሷ ግን የአንድ ሽማግሌ መሐላ በቅቷት ፈገግ አለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እኔ ዝም ብዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልዋሹትን ሰውዬ ውሸታም አደረግኋቸው። ሠራተኛዋ ሐሙስ መጥተን እንድንፈርም ነገረችንና ወጣን።

ሚኒባሱ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ አባቴ እጃቸውን ያሻሹ ነበር። «አፌ አመለጠኝ» አሉ። «ለጨርቅ እንኳ ምዬ የማላውቅ ሰውዬ! ግን ሐቅ ነውና አሏህ ይምረኛል።»

ይህቺ «ሐቅ ነውና» የምትለዋ ናት የገደለችኝ። ቤት እንደገባን አሱር ሰግደው መስገጃቸውን እስኪያጥፉ ጠበቅሁና ፓስፖርቱን ፊታቸው አኖርኩት። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ገለጡት። ፎቶዬ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«መቼ ነው?»

«ሦስት ዓመት ሆነው።»

በጣታቸው ቆጠሩ። «ለእናትሽ ለቅሶም የመጣሽው በዚህ ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

ቢቆጡኝ ምንኛ በቀለለኝ! ፓስፖርቱን ዘግተው፣ አቧራ ያለበት ይመስል በኩታቸው ጠራርገው መለሱልኝ። «ዜግነትሽ ያንቺ ነው» አሉ። «እንጀራሽ ነው፤ ብትነግሪኝ አልከለክልሽም ነበር። መሐላው ግን የኔ ነበር።»

በማግሥቱ አብሬያቸው ልሂድ ብል እምቢ ብለው ብቻቸውን ኮምቦልቻ ወረዱ፤ ቃላቸውን ለመመለስ። ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ደክሟቸው ተመለሱ። ሴትዮዋ ምን እንዳለች ጠየቅኋቸው።

«ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጥ መታወቂያ አለ አለችኝ። እሱን ብታወጣ ቤቱን በስሟ ማዞር ይቻላል፣ ማን መሐላ ጠየቀዎት አለችኝ።» ከዚያ ጫማቸውን አወለቁ።

የፈራሁት ነገር በአንዲት ወረቀት የሚያልቅ ነበር። ቤቱን እንዳላጣ ፈርቼ ቢሆን እንኳ ስስት ነው ይባል ነበር፤ እኔ ግን ቤቱን አላሰብኩትም። የፈራሁት ፊታቸውን ነው። ፊታቸው እንዳይከፋብኝ ብዬ መሐላቸውን አሳልፌ ሰጠሁ።

የመስጊዳቸው ሸህ አጽናንተዋቸው ነበር፤ እውነት መስሎት የማለ ሰው ወንጀል የለበትም፣ ከፋራም አይጠየቅም ብለዋቸዋል። ከፋራ ማለት ለፈረሰ መሐላ የሚከፈል ማስተሰረያ ነው፤ አሥር ሚስኪን ማብላት። አባቴ ግን «እኔ አላውቅም ነበር፣ እሷ ታውቅ ነበር» ብለው ድግሱን አዘዙ። ሥጋውን እኔ ልግዛ ብል ዐይናቸውን ብቻ አሳዩኝ። «በልተው ሲጨርሱ ታስታጥቢያቸዋለሽ» አሉኝ።

ልንፈርም የተቀጠርንባት ሐሙስ አሥሩ ሰዎች መጡ። አሥረኛዋ ከገራዶ በሰው እጅ ተመርተው የመጡ ዐይነ ስውር አሮጊት ነበሩ። ሲበሉ ቆይተው፣ ጆግና መታጠቢያ ይዤ ተራቸው ሲደርስ እጄን ያዝ አደረጉት።

«ይህች የምታስታጥበኝ ማናት? እጇ ለስላሳ ነው። የዚሁ አገር ሰው ናት?» ብለው ወደ አባቴ ዞሩ።

አባቴ እንደማይመልሱ ገባኝ። ስለ እኔ አገር ዳግመኛ አፋቸውን አይከፍቱም። በዚህ ጊዜ የሚቀድመኝ አልነበረም።

«አይደለሁም፣ እማማ» አልኩ። «የስዊድን ዜጋ ነኝ።»

«ማሻአላህ!» አሉ አሮጊቷ፣ እጄን በሁለት እጃቸው እየደባበሱ። «ታዲያ አማርኛውን እንዴት አድርገሽ ለመድሽው? ቁርጥ የወሎ ሰው!»

የተቀመጡት ሳቁ። እኔም መሳቅ ያለብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቁም። መሶቡን ከደኑት።

«ከእናቷ ነው የለመደችው» አሉ።