ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሜትር

ልብስ ሰፊው የሰው ቃል ከመቀበል የሰው ትከሻ መለካት ይቀለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት በሙያው ሲኖር የተማረው ነገር ቢኖር፣ ሰው ስለ ገዛ ወገቡ እንኳን እውነቱን እንደማይናገር ነው። «ሰባ ስምንት ነኝ» ብሎ የገባ ሁሉ ሜትሩ ሲዞርበት ሰማንያ አምስት ሆኖ ይወጣል። ከወገብ የጀመረው ጥርጣሬ ቀስ በቀስ ሰፈሩን አዳረሰ። ወተት ሻጯ ውሃ ትቀላቅላለች፤ ሰዓት ሠሪው አዲሱን ባትሪ አስቀርቶ አሮጌ ይከታል፤ ጎረቤቱ ሰላምታ ካበዛ መሰላል ሊዋስ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «የጠረጠረስ መቼ እንቅልፍ ወሰደው?» ትለው ነበር።

እሷ አዋላጅ ነበረች። ከከተማው አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ወዳለው ጤና ጣቢያ በነጯ አሮጌ መኪናቸው ትመላለሳለች። እሱ መሪ ጨብጦ አያውቅም። መንዳት ማለት ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሁሉ ማመን ስለሆነ አይሆንልኝም ባይ ነው።

ከሰባት ወር በፊት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አዋላጇ ወደ ሥራ ስትሄድ መንገድ ላይ ደረቷን ያዛት። ጤና ጣቢያው ለመድረስ ሰባት ኪሎ ሜትር ብቻ ሲቀራት፣ የስልክ ኔትወርክ በማይደርስበት መታጠፊያ ላይ የመኪናዋ ሞተር ቀጥ ብሎ ቆመ። ዳቦ የሚያመላልስ አይሱዙ አግኝቶ እስኪያነሳት አርባ ደቂቃ አለፈ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ፣ «ግማሽ ሰዓት ቀደም ብትል ኖሮ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ሐኪሙ የተወውን ዐረፍተ ነገር ልብስ ሰፊው ጨረሰው። የጨረሰውም በመካኒኩ ስም ነው።

መካኒኩን ሰው ሁሉ ጆሮ ይለዋል፤ መኪና ሲመጣለት ሬዲዮ አስጠፍቶ፣ ወሬኛውን ሁሉ «እስቲ ዝም!» ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሞተሩን ያዳምጣል። አዋላጇ ከእሱ ሌላ ሰው መኪናዋን አታስነካም ነበር። ከዚያ ሐሙስ ሦስት ቀን በፊት፣ ሰኞ ዕለት፣ የፍሬን ሸራ አስቀይራ ነበር። ሰኞ ከእጁ የወጣ መኪና ሐሙስ መንገድ ላይ ይቆማል? ለልብስ ሰፊው ይህ በቂ ነበር። ጆሮ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሥራህን ልታይ መጣህ?» አለው። ሰውዬው ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ፣ አንዲት ቃል ሳይመልስ ዞሮ ሄደ። ልብስ ሰፊው ይህንንም ጠረጠረው፤ ንጹሕ ሰው ይጮኻል እንጂ ዝም ብሎ አይሄድም ብሎ።

ቀጥሎ ለፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታ ጻፈ፣ መካኒኩ ጥፋቱን እያወቀ ደብቆ መኪናዋን ለቋልና የጋራዥ ፈቃዱ ይነጠቅ ብሎ። ጽሕፈት ቤቱ ወራት አስጠብቆ፣ «እስከ ዓርብ ማስረጃ ካቀረቡ ጋራዡ ይታሸጋል፤ ካላቀረቡ ፋይሉ ይዘጋል» የሚል ደብዳቤ ላከለት። ደብዳቤው ሲደርሰው ቀኑ ሰኞ ነበር።

ማክሰኞ መዳፍ የምታክል፣ አራት ቁልፍና አጭር ገመድ ያላት፣ የመኪና ብልሽት የምትናገር ኮድ ማንበቢያ ከትንሽ መመሪያ መጽሐፏ ጋር ገዝቶ መጣ። ሻጩ፣ «መካኒክ አያስፈልግዎትም፤ መኪናው ራሱ ያወራል» ብሎታል። ሻጩንም አላመነውም፤ ነገሩ ግን አማለለው። የሚያወራ መኪና ከማያወራ ምስክር ይሻላል።

መኪናዋ ሚስቱ ከሞተችበት ሐሙስ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ናት። በጭነት መኪና ተጭና መጥታ ከዛፉ ሥር ከወረደች ወዲህ አንድ ሜትር አልተንቀሳቀሰችም። ሴት ልጁ ብቻ ባትሪው እንዳይሞት በየቅዳሜው ለአሥር ደቂቃ አስነስታ ታጠፋታለች። ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የመንጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ወሬ ቀንሳለች። እሱም ኀዘን ነው ብሎ አልነካካትም።

ልብስ ሰፊው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ የመኪናዋ የፊት ወንበር ላይ ተጣጥፎ የማንበቢያዋን መሰኪያ ቦታ ፈለገ። በሬዲዮው በኩል ፈለገ፤ በመቀመጫው ሥር ፈለገ።

«ከመሪው ሥር ነው አባዬ። በግራ በኩል። ክዳን አለው» አለች ልጁ ከበረንዳው።

«አየሁት፣ አየሁት!» አለ፣ ሳያየው።

«ሞተሩን አታስነሳ። ቁልፉን ብቻ ክፈተው።»

«መጽሐፉ ላይ ተጽፏል እኮ! እኔ ማንበብ አልችልም?»

ሰካው። ማንበቢያዋ ትንሽ አሰበችና አንድ ፊደልና አራት ቁጥር አወጣች። ትንሿን መጽሐፍ በጣቱ እየተከተለ አገኘው፤ የክራንክ ሴንሰር። ይህ ሴንሰር ሲታመም፣ ይላል መጽሐፉ፣ ሞተሩ ሲሞቅ በድንገት ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይነሳል። ቁልፎቹን ወደ ታች እየገፋ ሌላ ገጽ ሲከፍት ደግሞ ከዚያ የባሰ መጣ። «ኮድ ከተሰረዘ ወዲህ የተነዳ ርቀት፦ 38 ኪሎ ሜትር።»

ተሰረዘ። ማን ሰረዘው? መጽሐፉ በደማቁ ያስጠነቅቃል፤ ኮድ መሰረዝ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሞተር መብራት ያጠፋል እንጂ ብልሽቱን አይጠግንም። ስለዚህ መብራቱ በርቶ ነበር ማለት ነው። አንድ ሰው አይቶታል። አይቶም፣ ሊጠግነው ሲሰንፍ፣ አጥፍቶ «ሂጂ፣ ደህና ናት» ብሏል።

«ጆሮ ዓይንም አለው ለካ!» አለ ጮክ ብሎ። ልጁን ሊጠራ ዞረ። በረንዳው ላይ የለችም።

በማግስቱ ማንበቢያዋንና የሚስቱን የጉዞ ደብተር በፌስታል ይዞ ጋራዡ ሄደ። አዋላጇ በወጣችና በገባች ቁጥር የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር የምትጽፍበት ደብተር ነው፤ ጤና ጣቢያው ስለሚጠይቃት የለመደችው፣ በኋላ ገበያ ስትሄድም የማይቀርላት ነገር። የሰኞው መስመር ላይ በእጇ፣ «147,902 — ጆሮ ጋ፣ ፍሬን» ይላል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? በቀጥታ ጽሕፈት ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። ግን ሰውዬው ሲያፍር ማየት ፈለገ።

ጆሮ ከአንድ ሚኒባስ ሥር ነበር። እግሩ ብቻ ይታያል።

«ውጣ!»

«ማነው?»

«አድማጭ ነኝ ትል የለ? በድምፅ ለየኝ።»

ከዚያ ጆሮ በጀርባው ተንሸራቶ ወጣና እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። «ጋሼ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። መብራቱን አጥፍተህ ሸኘሃት። ይኸው፣ መኪናው ራሱ ተናገረ!»

ጆሮ ማንበቢያዋን ተቀብሎ አያት። ልብስ ሰፊው ፊቱን እንደ ስፌት መረመረው፤ የት ጋ እንደሚላላ ለማየት።

«ሰኞ ዕለት መብራት አልነበረም» አለ ጆሮ። «የሞተር መብራት በርቶ ቢሆን እትዬን አልለቃትም ነበር። ክራንክ ሴንሰር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።»

«ሙት አይመሰክርም፤ የፈለግከውን በል!»

«መኪናዋ አሁን ስንት ላይ ናት? ቆጣሪው።»

ልብስ ሰፊው በእንዲህ ያለው ነገር አይታማም፤ ጽፎት ነበር። «አንድ መቶ አርባ ስምንት ሺህ፣ አንድ መቶ ሃያ ስድስት።»

«እኔ ጋ የመጣችው?»

«አንድ መቶ አርባ ሰባት ሺህ፣ ዘጠኝ መቶ ሁለት። ይኸው በእጇ!»

«እንግዲህ እኔ ሰርዤው ቢሆን፣ ይቺ ዕቃ ሁለት መቶ ሃያ አራት ትል ነበር» አለ ጆሮ። «ሠላሳ ስምንት ነው የምትለው። ከቆጣሪው ላይ ሠላሳ ስምንት ይቀንሱ።»

ልብስ ሰፊው ቀነሰ። ሜትርና መቀስ ይዞ ያደገ ሰው፣ ሁሉን ለክቶ ይህን አንድ ነገር ሳይለካ ነው የመጣው። 148,088። አንዴ ቀነሰው፤ ደግሞ በግድግዳው ላይ በጠመኔ ቀነሰው። ከዚያ ደብተሩን ገልብጦ የመጨረሻውን፣ የሐሙስ ጠዋቱን መስመር አገኘ። «148,088 — ከቤት።»

ኮዱ የተሰረዘው መኪናዋ ግቢያቸው ውስጥ ቆማ ሳለች ነው።

ሚኒባሱ ሥር የሆነ ነገር ጠብ ጠብ ይላል። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ተጠርጣሪ ፈለገ። ጎረቤቱ? መኪና አይነካም። ሌባ? ሌባ መብራት አጥፍቶ አይሄድም። ሚስቱ? እሷ ማንበቢያ አልነበራትም። ማንበቢያ ያለው… የመንጃ ትምህርት ቤት የስንት መኪና ጌታ ነው። «ከመሪው ሥር ነው አባዬ። በግራ በኩል።» ክዳን እንዳለው ሳይቀር ነግራዋለች።

ቀና ሲል ጆሮ ወደ ሌላ ቦታ እያየ ነበር። እሱም ቀንሷል። እሱም ደርሶበታል።

«ጋሼ» አለ በዝግታ፣ «እነዚህ ዕቃዎች አንዳንዴ ይሳሳታሉ።»

«ይሳሳታሉ?»

ጆሮ ተመልሶ ሚኒባሱ ሥር ገባ። ውሸት አይሆንለትም ነበር።

ልጁ ከሥራ ስትመለስ አባቷ ከመኪናው አጠገብ፣ ዛፉ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ተከፍቷል። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«ከየት አመጣሽው?» አላት።

ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ከቢሮ መሳቢያ። ያን ረቡዕ ማታ ተመልሼ ሄጄ ተዋስኩት፣ ሐሙስ መለስኩት።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«ሱቅ።»

«እና ዝም ብለሽ አጠፋሽው?»

«እማዬ ናት አጥፊልኝ ያለችኝ። መብራቱ ረቡዕ ስትመለስ በራ። ‹ቅዳሜ ጆሮ ጋ እወስዳታለሁ፤ ነገ ሁለት ወላድ ይጠብቁኛል። አባትሽ ካየው አያስወጣኝም፤ ለሳምንት ይመረምረኛል፤ ምስኪኑን ጆሮም ሌባ ነው ይለዋል› አለች። መብራቱ ሲጠፋ…» ወደ ዳሽቦርዱ አየች። «ሲጠፋ የተስተካከለ መሰለኝ አባዬ። ስቀን ነበር።»

«ሰባት ወር!»

«ሰባት ወር እስክትጠይቀኝ ጠበቅኩ። ሰፈሩን ሁሉ ጠየቅህ፤ የዳቦ መኪናውን ሹፌር እንኳን ሁለት ጊዜ ጠየቅህ። እኔን አልጠየቅከኝም።»

«ጆሮን ስረግመው ትሰሚ ነበር።»

«እሰማ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ስትረግመው፣ እኔ አይደለሁም ማለት ነው ብዬ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ደግሞ እጠላህ ነበር።»

ልብስ ሰፊው ፊቷን አየ። ሙያው ነውና ጥርጣሬው ተነሳ። እናቷ እውነት እንዲህ ብላለች? ወይስ ጥፋትን ለሟች ማሸከም ስለሚቀል ነው? ያን ዕለት ግቢው ውስጥ የተባለውን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ የለችም። አንድ ጥያቄ ቢጨምር፣ ጠምዘዝ አድርጎ ሁለተኛ ቢጠይቃት፣ ይለየው ነበር። ይህን ይችልበታል። ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ደረሰ። ከዚያ፣ «ለሳምንት ይመረምረኛል» የሚለውን አስታወሰ። ሚስቱ ሞተሩ እየታመመ የወጣችው መኪናዋን አምና አልነበረም። እሱን ሸሽታ ነው።

«ቦርሳሽን አስቀምጪ» አላት። «እራት አልበላሁም።»

ዓርብ ጠዋት ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ሲከፈት ሁለቱም በር ላይ ነበሩ። ልጁ ልምጣ ብላው አልከለከላትም። የመስኮቷ ጸሐፊ ፋይሉን አወጣች።

«ማስረጃውን አመጡ ጋሼ?»

«አቤቱታዬን ላነሳ ነው።»

ጸሐፊዋ ቅጽ ገፋችለት። «ምክንያት» የሚለው ሳጥን ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ማስረጃ አላገኘሁም» ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ፤ ግን ተወው። ማስረጃ ጠፋ ማለት ጥፋት የለም ማለት አይደለም፤ እንዲህ ተብሎ የተለቀቀ ሰው ዕድሜ ልኩን በጎሪጥ ይታያል። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «መካኒኩ ጥፋት የለበትም። ምልክቱ የጠፋው በቤታችን ነው።»

ጸሐፊዋ አንብባ ቅንድቧን አነሳች። «በቤታችን ማለት? ቤት ጣት የለውም እኮ። ማን አጠፋው?»

ከኋላው የልጁ ጫማ ወደፊት ሲራመድ ሰማ። «እኔ…» ስትል ጣልቃ ገባ።

«የእኔን ስም ጻፊው።»

«እዚሁ አቤቱታው ላይ እኮ ‹መኪና አልነዳም፤ መኪና አልነካም› ብለው አስፍረዋል!»

«አልነዳም። እንዲደበቅ ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ።»

ጸሐፊዋ ትንሽ አየችው፤ ሰልፉ ረጅም ነበርና ጻፈች። አስፈረመችው። ማኅተሙን በመታችው ጊዜ ልጁ ትከሻዋን ሰብሰብ አደረገች።

«ቅጂ ይፈልጋሉ?»

«አንድ። ለመካኒኩ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አራት ቦታ ሊያጥፈው ሲል ልጁ እጇን ዘረጋች።

«እኔ እወስድለታለሁ» አለች።

አብሬሽ ልሂድ ወይ ሊላት ፈለገ። ምን እንደምትለውም ሊጠይቃት ፈለገ። ወረቀቱን ሰጣትና ሱቁን ሊከፍት ሄደ።